ከቁጥር ወደ ስም፦ የባለስም ቅንፍ ታሪክና ለመዝገበ ቃላት ሥራ የሚሰጠው ትምህርት

1. መግቢያ

የመዝገበ ቃላት ሥራ ከቃላት ለቀማ ቀጥሎ የሚጠይቀው ትልቁ ድካም መለየት ነው። በአንድ መስመር ተከታትለው ከተጻፉት መካከል ዋናውን ቃል ከቃል ክፍሉ፣ የቃል ክፍሉን ከፍቺው፣ ፍቺውን ከምሳሌው ነጥሎ እያንዳንዱን በየቦታው ማኖር ያስፈልጋል። ይህ ሥራ ቀድሞ በካርድና በእርሳስ ይከናወን ነበር፤ ዛሬ ግን አብዛኛው ክፍል ለኮምፒዩተር ተሰጥቷል። ኮምፒዩተሩም ሊለይ የሚችለው የሚፈለገውን የጽሑፍ ቅርጽ የሚገልጽ ንድፍ አስቀድሞ ሲጻፍለት ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በዚህ ንድፍ ውስጥ የሚገኝ አንድ አነስተኛ ነገር ነው። ይኸውም በቅንፍ ተይዞ ለተለየው የጽሑፍ ክፍል ስም የመስጠትና በኋላም ክፍሉን በስሙ ፈልጎ የማግኘት ዘዴ ነው። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ የፕሮግራም ጸሐፊዎች ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ ታሪኩን ተከታትሎ ለመረመረው ሰው፣ እኛ በስያሜ ሥራ ላይ ዘወትር የምንሟገትባቸው ጥያቄዎች በውስጡ ይገኛሉ። ነገር የሚታወቀው በቦታው ነው ወይስ በስሙ? አንድ ስም ለሁለት ነገሮች ሊሰጥ ይገባዋልን? የሌለ ስም የጠራ ሰው ምን መልስ ሊያገኝ ይገባዋል? አንድ ስም በሁለት ዐይነት ፊደል ሲጻፍ አንድ ነው ወይስ ሁለት? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ አንድ መዝገበ ቃላት በትክክል ተሠርቶ መውጣቱን ወይም ሳይታወቅ ተበላሽቶ መቅረቱን ሊወስን እንደሚችል ከዚህ በታች እናያለን።

የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑ ካልተገለጸ በቀር በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. ስለ ቃላቱ አመራረጥ

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት የምንገለገልባቸውን ቃላት መወሰን ያስፈልጋል። ባለሙያዎች «ሬጉላር ኤክስፕሬሽን»፣ በአጭሩም «ሬጌክስ» የሚሉትን በዚህ ጽሑፍ «ደንባዊ ንድፍ» ብለነዋል። «ሬጉላር» የሚለውን «መደበኛ» ብሎ መተርጎም ይቻል ነበር፤ ነገር ግን «መደበኛ» በአማርኛ የተለመደ፣ የዘወትር የሚለውን ስሜት ያመጣል። እዚህ የሚፈለገው ግን በተወሰኑ ጥቂት ደንቦች ብቻ የተገነባ የሚለው ሐሳብ ነው።

«ካፕቸር ግሩፕ» የሚባለው ቃል በቃል ቢተረጎም «ማራኪ ቡድን» በሆነ ነበር። «ማረከ» የሚለው ግስ አንድም ወደ ጦር ሜዳ ይወስደናል፤ አንድም ደግሞ «ማራኪ» ሲባል ዛሬ ውብ፣ ዐይን የሚስብ ማለት ስለሆነ አንባቢውን ያሳስተዋል። ስለዚህ የባዕዱን ቃል ትተን ነገሩን ራሱን እንመልከት። ነገሩ ቅንፍ ነው፤ ሥራውም በውስጡ ያለውን ንድፍ ያሟላውን ጽሑፍ ይዞ ማቆየት ነው። ስለዚህ «ያዥ ቅንፍ» ብለነዋል። በቁጥር ብቻ የሚጠራውን «ባለቁጥር ቅንፍ»፣ ስም የተሰጠውን «ባለስም ቅንፍ» እንላለን።

ተዘጋጅቶ የተቀመጠና ሌሎች ፕሮግራሞች የሚገለገሉበት የፕሮግራም ስብስብ «ላይብረሪ» ይባላል። ይህን «ቤተ መጻሕፍት» ብንለው አንባቢው መደርደሪያና ወንበር ይታየዋል፤ ቃሉም በሙያተኞች አፍ ስለተለመደ እንዳለ ወስደነዋል።

3. የደንባዊ ንድፍ አመጣጥ

ደንባዊ ንድፍ የተወለደው ከጽሑፍ ፍለጋ ሳይሆን ከነርቭ ጥናት ነው። በ1943 ዋረን ማከላክና ዋልተር ፒትስ የነርቭ ሕዋሳትን አሠራር በሥነ አመክንዮ ለመግለጽ የሚሞክር ጥናት አወጡ። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ስቲቨን ክሌይኒ ይህንኑ ጥናት መነሻ በማድረግ በ1951 ለራንድ ኮርፖሬሽን ባዘጋጁት፣ በ1956ም በታተመው ጽሑፋቸው፣ እንዲህ ያለው የነርቭ መረብ ለይቶ ሊያውቃቸው የሚችላቸው ተከታታይ ድርጊቶች የትኞቹ እንደሆኑ አሳዩ። ለእነዚህም ድርጊቶች «ሬጉላር» የሚል ቅጽል ሰጧቸው።

ለስያሜ ሠራተኞች ትኩረት የሚስበው በዚሁ ጽሑፍ ውስጥ የምትገኘው አጭር ማስታወሻ ናት። ክሌይኒ ቃሉን ባስተዋወቁበት ቦታ ላይ፣ ከዚህ ይልቅ ነገሩን የሚገልጽ ቃል ያለው ሰው ቢያቀርብላቸው ደስ እንደሚላቸው አስፍረዋል። ስለዚህ ቃሉ በጊዜያዊነት የቀረበ ነበር ማለት ይቻላል። ነገር ግን የተሻለ ቃል ቀርቦ ቦታውን ሳይወስድ ጊዜያዊው ቋሚ ሆኖ ቀረ። በእኛም የስያሜ ታሪክ ለጊዜው ተብለው የወጡ ቃላት ከታሰበባቸው ቃላት በላይ ዕድሜ ማግኘታቸው የታወቀ ነው።

የክሌይኒን ሐሳብ ወደ ጽሑፍ ፍለጋ ያመጡት ኬን ቶምፕሰን ናቸው። ቶምፕሰን በ1968 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ንድፉን ተቀብሎ ለአይ.ቢ.ኤም. 7094 ኮምፒዩተር ወደሚገባ የመኪና ቋንቋ የሚለውጥ ዘዴ አቀረቡ። ቀጥሎም ዩኒክስ በተባለው ሥርዐት ውስጥ «ኢዲ» የተባለው የጽሑፍ ማረሚያ ደንባዊ ንድፍን የዕለት ተዕለት መሣሪያ አደረገው። በ1973 የወጣው «ግሬፕ» የተባለው ፕሮግራም ስሙን ያገኘው በኢዲ ውስጥ ከነበረው ትእዛዝ ነው፤ የትእዛዙም ትርጉም በመላው ፋይል ንድፉን ፈልገህ አትም ማለት ነበር።

4. የቁጥር ዘመን

ፍለጋ ብቻ ሲሆን ቅንፍ የሚያስፈልገው ክፍሎችን ለማሰባሰብ ነው። የተገኘውን ጽሑፍ አውጥቶ በሌላ ቅደም ተከተል ለመጻፍ ሲፈለግ ግን ቅንፉ የያዘውን መልሶ መጥራት ግድ ይሆናል። በኢዲና እርሱን በተከተሉት መሣሪያዎች ይህ የሚደረገው በቁጥር ነበር። የመክፈቻ ቅንፎቹ ከግራ ወደ ቀኝ ይቆጠራሉ፤ መጀመሪያው የያዘው በ\1፣ ሁለተኛው የያዘው በ\2 ይጠራል፤ ቆጠራውም በ\9 ያበቃል።

በ1986 ሄንሪ ስፔንሰር ማንም ሰው ሊገለገልበት የሚችል የደንባዊ ንድፍ ላይብረሪ በነፃ አሠራጩ። በዚህም ላይብረሪ ውስጥ የተያዙት ክፍሎች የሚቀመጡባቸው አሥር ቦታዎች ነበሩ፤ በዜሮ ቁጥር የተመዘገበው መላው የተገኘ ጽሑፍ ሲሆን ከ1 እስከ 9 ያሉት የቅንፎቹ ናቸው። በ1987 የወጣው የላሪ ዎል ፐርል ቋንቋም $1፣ $2 በሚል አጠራር የቁጥርን ዘመን አስፋፋ።

የቁጥር አጠራር አጭርና ቀላል ነው። ጉድለቱ የሚታየው ንድፉ ሲሻሻል ነው። ይህን ለመረዳት የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ራሱ ተካፋይ የሆነበትን ስሕተት መጥቀስ ይበቃል።

ከዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ በተራ ጽሑፍ መልክ የተተየበ መዝገበ ቃላት በዐምድ ወደተከፋፈለ ሰንጠረዥ እንዲዛወር ተወሰነ። ንድፉ አራት ያዥ ቅንፎች ነበሩት፤ አንደኛው ዋናውን ቃል፣ ሁለተኛው የቃል ክፍሉን፣ ሦስተኛው ፍቺውን፣ አራተኛው ምሳሌውን ይይዝ ነበር። ምሳሌዎቹ ከባላገር አረጋውያን አፍ ተሰምተው በካርድ የተጻፉ ናቸው። ሥራው ከተጀመረ በኋላ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንዳንድ ቃላት ፍቺ ሥር የሚገኘው ተመሳሳይ ቃልም ለብቻው እንዲወጣ ጠየቀ። ፕሮግራሙን የጻፉት ባልደረባ በፍቺውና በምሳሌው መካከል አንድ ቅንፍ ጨመሩ። ስለዚህ ምሳሌው አምስተኛ ሆነ፤ ሰንጠረዡ ግን ምሳሌን የሚጠራው እንደ ቀድሞው በ4 ቁጥር ነበር።

ፕሮግራሙ አልቆመም፤ ስሕተት አለ ብሎም አልተናገረም። ተመሳሳይ ቃል የሌላቸው ቃላት፣ ማለትም አብዛኞቹ፣ የምሳሌ ዐምዳቸው ባዶ ሆነ። በመዝገቡ ውስጥ ከመጀመሪያውም ምሳሌ የሌላቸው ብዙ ቃላት ስለነበሩ ባዶነቱ የማንንም ዐይን አልሳበም። ነገሩ የታወቀው ረቂቁ ለአንድ አዛውንት አራሚ ተልኮ፣ እርሳቸውም «ገላገለ» ለሚለው ቃል ካርዱ ላይ ያነበቡት ምሳሌ የት እንደ ደረሰ ሲጠይቁ ነው። የተተየበው ዋናው ጽሑፍ በመኖሩ ሥራው እንደገና ተሠራ። ዋናው ጽሑፍ ተጥሎ ቢሆን ኖሮ ግን የብዙ አረጋውያን ንግግር ያለ አንድ ድምፅ በጠፋ ነበር።

ከዚህ የምንረዳው ቁጥር የሚያመለክተው ቦታን እንጂ ነገሩን አለመሆኑን ነው። ቦታው ሌላ ነገር ሲቀመጥበት ቁጥሩ ያንኑ ሌላውን ነገር ያለ ማመንታት ያመጣል።

5. የስም መምጣት

ስምን ለቅንፍ የመስጠት ሐሳብ በሰፊው የታወቀው በፓይቶን ቋንቋ አማካይነት ነው። በቀድሞዎቹ የፓይቶን እትሞች ውስጥ በነበረው የደንባዊ ንድፍ ክፍል፣ ቅንፉ ከተከፈተ በኋላ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ስም ለመጻፍ የሚያስችል አንድ ልዩ ትእዛዝ ይገኝ ነበር። በ1997 መጨረሻ በወጣው በ1.5ኛው እትም ውስጥ የተካተተው አዲሱ ክፍል ግን አጻጻፉን ከፐርል ጋር ለማስማማት ፈለገ።

ፐርል በ1994 በወጣው በ5ኛው እትሙ፣ ከመክፈቻ ቅንፍ ቀጥሎ የጥያቄ ምልክት በማስገባት አዳዲስ አገባቦችን የሚጨምርበትን መንገድ ከፍቶ ነበር። ይህ ምልክት የተመረጠው ከዚያ በፊት በዚያ ቦታ ሊጻፍ የማይችል ስለነበረ ነው። የፐርል መምሪያ እንደሚያስረዳው ደግሞ አንባቢው ምልክቱን ባየ ጊዜ ቆም ብሎ ነገሩ ምን እንደሆነ ራሱን እንዲጠይቅ ታስቦ ነው። የፓይቶን ሠሪ ጊዶ ቫን ሮሰም በ1997 ለላሪ ዎል ጽፈው፣ ከጥያቄ ምልክቱ ቀጥላ የላቲኗ ትልቅ ፊደል «ፒ» ስትመጣ አገባቡ የፓይቶን ብቻ ሆኖ እንዲጠበቅላቸው ጠየቁ፤ ላሪ ዎልም ፈቀዱ። ይህ ሁለት ቋንቋዎች የጋራ ድንበራቸውን በስምምነት ያካለሉበት ታሪክ ነው።

ሆኖም ስምምነቱ ሌሎቹን አላሰረም። በ2002 የወጣው የማይክሮሶፍት ዶት ኔት ባለስም ቅንፍን ያለ «ፒ» ጻፈ፤ ማለትም (?<ስም>…) በሚል ቅርጽ። በፊሊፕ ሄዝል የተዘጋጀው «ፒ.ሲ.አር.ኢ.» የተባለው ላይብረሪ ግን በ2003 የፓይቶንን አጻጻፍ ተቀበለ። ስለዚህ አንዱ ነገር በሁለት ዐይነት አጻጻፍ መጻፍ ጀመረ። ፐርል ራሱ ባለስም ቅንፍን ያስገባው በታኅሣሥ 2007 በወጣው በ5.10 እትሙ ሲሆን ሁለቱንም አጻጻፎች ተቀበለ። ጃቫ በ2011፣ ጃቫስክሪፕት ደግሞ በ2018 ደረጃው ያለ «ፒ» የሚጻፈውን ያዙ። የፓይቶንን መንገድ ይከተል የነበረው ጎ የተባለው ቋንቋም በየካቲት 2024 በወጣው በ1.22 እትሙ ሁለተኛውን አጻጻፍ ጨመረ። በ2011 በጸደቀው የሲ ፕላስ ፕላስ ደረጃ ውስጥ የገባው የደንባዊ ንድፍ ላይብረሪ ግን ቅንፍን በቁጥር እንጂ በስም አያውቅም።

6. ስምን ፈልጎ ማግኘት

ስም መጣ ማለት ቁጥር ተሻረ ማለት አይደለም። ከላይ በተጠቀሱት ላይብረሪዎች ውስጥ ባለስም ቅንፍ በስሙ ብቻ ሳይሆን በቁጥሩም ሊጠራ ይችላል፤ ስሙ በቁጥሩ ላይ የተሾመ ነው። ስለሆነም ስም በተጠራ ጊዜ ላይብረሪው መጀመሪያ ይህ ስም የስንተኛው ቅንፍ ነው ብሎ መፈለግ አለበት። ለዚህም አንድ ትንሽ መዝገብ ይይዛል።

ይህን መዝገብ በግልጽ የሚያሳየው ፒ.ሲ.አር.ኢ. ነው። ንድፉ ሲዘጋጅ የስሞች ሰንጠረዥ አብሮ ይሠራል። በስምንት ቢት እትሙ እያንዳንዱ መስመር እኩል ርዝመት አለው፤ መጀመሪያ በሁለት ባይት የቅንፉ ቁጥር፣ ቀጥሎ ስሙ ይጻፋል። መስመሮቹም በፊደል ተራ ይደረደራሉ። ስም ሲፈለግ ላይብረሪው ከመካከል ጀምሮ፣ የሚፈልገው በፊት ወይም በኋላ መሆኑን እያየ፣ በየጊዜው ግማሹን እየተወ ይሄዳል። መቶ ስሞች ቢኖሩ እንኳ ከሰባት ማነጻጸር በላይ አያስፈልገውም። መዝገበ ቃላትን ከመካከል ገልጦ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የሚያገላብጥ አንባቢ የሚሠራውም ይህንኑ ነው። በሌላ አነጋገር በእያንዳንዱ ባለስም ንድፍ ሆድ ውስጥ አንድ ትንሽ መዝገበ ቃላት አለ።

ፓይቶን ይኸንኑ መዝገብ ለተጠቃሚው ክፍት አድርጎታል፤ መዝገቡ የተሠራበት የመረጃ ዐይነትም በቋንቋው «ዲክሽነሪ» ይባላል። «አር.ኢ.2» የተባለው የጉግል ላይብረሪ ሁለት መዝገብ ይሰጣል፤ አንዱ ከስም ወደ ቁጥር፣ ሌላው ከቁጥር ወደ ስም የሚወስድ ነው። ይህም አማርኛ–እንግሊዝኛና እንግሊዝኛ–አማርኛ በአንድ ጥራዝ እንደ ማግኘት ነው። ጎ ግን ለብዙ ጊዜ የሰጠው በቁጥር ተራ የተደረደሩ ስሞችን ዝርዝር ብቻ ነበር፤ ስምን ይዞ ቁጥርን የፈለገ ሰው ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ራሱ ማንበብ ነበረበት። ስምን ተቀብሎ ቁጥርን የሚመልስ ትእዛዝ የተጨመረው በ2020 በወጣው በ1.15 እትም ነው። ጃቫ ደግሞ ባለስም ቅንፍን በ2011 ሲያስገባ መዝገቡን ለውስጥ አገልግሎት ብቻ አስቀርቶት ነበር፤ ለሁሉም የተከፈተው በመጋቢት 2023 በወጣው በ20ኛው እትም ነው። በእነዚህ አሥራ ሁለት ዓመታት የጃቫ ተጠቃሚ ስሙን ቢጠራ መልስ ያገኝ ነበር፤ የትኞቹ ስሞች እንዳሉ ግን መጠየቅ አይችልም ነበር።

ንድፍን ከአንዱ ላይብረሪ ወደ ሌላው ለሚያዛውር ሰው ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው የቆጠራው ልዩነት ነው። በፐርልና በአብዛኞቹ ዘንድ ባለስሙም ስም የለሹም ከግራ ወደ ቀኝ በአንድ ተራ ይቆጠራሉ። በዶት ኔት ግን በመጀመሪያ ስም የለሾቹ ሁሉ ይቆጠሩና ባለስሞቹ ከእነርሱ ቀጥለው ቁጥር ያገኛሉ። ስለዚህ ፊት ባለስም፣ ኋላ ስም የለሽ ቅንፍ ባለበት ንድፍ 1 ቁጥር በፐርል የፊተኛው፣ በዶት ኔት የኋለኛው ነው። በስም የጠራ ግን በሁለቱም ቦታ አንዱን ነገር ያገኛል።

7. ስም ሲደገምና ስም ሲጠፋ

«አለ» የሚለውን ቃል መዝገበ ቃላት በሁለት መግቢያ ያስቀምጠዋል፤ አንደኛው ተናገረ፣ ሁለተኛው ጠብቆ ሲነበብ ይገኛል፣ ይኖራል ማለት ነው። በአንድ ጽሑፍ የሚጻፉ ሁለት ነገሮችን እንዴት መለየት እንደሚገባ ላይብረሪዎቹም በየራሳቸው ወስነዋል። ፓይቶንና ጃቫ በአንድ ንድፍ ውስጥ አንድን ስም ሁለት ጊዜ መስጠትን ይከለክላሉ። ፐርል ይፈቅዳል፤ ስሙ ሲጠራ ከግራ በኩል መጀመሪያ የሚገኘውንና ጽሑፍ የያዘውን ያመጣል፤ ሁሉንም ለሚፈልግ ደግሞ ሌላ መዝገብ አዘጋጅቷል። ፒ.ሲ.አር.ኢ. የሚፈቅደው ተጠቃሚው ይህን መፈለጉን አስቀድሞ ሲገልጽ ነው። በ2025ቱ የጃቫስክሪፕት ደረጃ ደግሞ ድግግሞሹ የተፈቀደው ሁለቱ ስሞች በአማራጭ መንገዶች ላይ ሆነው በአንድ ጊዜ ሊገኙ የማይችሉ ሲሆኑ ነው። ይህ የኋለኛው መፍትሔ አስተዋይነት አለው። «መስከረም 1 ቀን 1967» እና «1967፣ መስከረም 1» ተብለው የተጻፉ ቀኖችን በአንድ ንድፍ ለመያዝ የፈለገ ሰው በሁለቱም መንገድ «ዓመት» የሚለውን ስም ቢጠቀም ትርጉሙ አንድ ነውና ግራ የሚጋባ የለም።

ከድግግሞሽ ይልቅ ከባዱ ጥያቄ የመጥፋት ነው። መጥፋትም ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ስሙ በንድፉ ውስጥ ጨርሶ የሌለ ሲሆን ነው። ሁለተኛው ስሙ ኖሮ ቅንፉ ግን በዚህ ጊዜ ምንም ያልያዘ ሲሆን ነው። በመዝገበ ቃላት ቋንቋ የመጀመሪያው ቃሉ በመዝገቡ ውስጥ የለም ማለት ሲሆን፣ ሁለተኛው ቃሉ አለ፣ ምሳሌ ግን አልተጻፈለትም ማለት ነው። ሁለቱን መለየት እንደሚገባ ክርክር አያሻውም።

ፓይቶንና ጃቫ ይለያሉ። የሌለ ስም ሲጠራ ሥራውን አቁመው ስሕተት መኖሩን ያስታውቃሉ፤ ያለ ስም ባዶ ሲሆን ባዶ መሆኑን የሚገልጽ ምልክት ይመልሳሉ። የፒ.ሲ.አር.ኢ. ሁለተኛ ትውልድም ለሁለቱ የተለያየ የስሕተት ቁጥር አለው። ጃቫስክሪፕት ግን ለሁለቱም አንድ መልስ ይሰጣል፤ ዶት ኔትም ሁለቱንም ያልተሳካ ቅንፍ ብሎ ይመልሳል እንጂ አይጮኽም። በእነዚህ ዘንድ ስምን አሳስቶ የጠራ ሰው የሚያገኘው መልስ፣ በትክክል ጠርቶ ባዶ ካገኘው ሰው መልስ አይለይም። ቁጥር ያደረሰብንን ዝምተኛ ጥፋት ስምም ሊያደርስ ይችላል ማለት ነው።

8. በፊደላችን የተጻፈ ስም

እስከ አሁን የተነጋገርንበት ነገር ለሁሉም ቋንቋ የጋራ ነው። ከዚህ በኋላ ግን ጉዳዩ የእኛን ፊደል በቀጥታ ይመለከታል።

የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 እትም ውስጥ ቦታ አግኝቷል። በ2008 የወጣው ፓይቶን 3 በፕሮግራም ውስጥ የሚሰጡ ስሞች በላቲን ፊደል ብቻ እንዳይወሰኑ ስላደረገ፣ የቅንፍ ስም በፊደላችን ሊጻፍ ቻለ። ጃቫስክሪፕትም ይፈቅዳል። በፒ.ሲ.አር.ኢ. ሁለተኛ ትውልድ ኋለኞቹ እትሞችም፣ የዩኒኮድ አሠራር ሲመረጥ፣ የማናቸውም ቋንቋ ፊደል ለስም ይሆናል። ጃቫ ግን የቅንፍ ስም ከላቲን ሆሄያትና ከ0 እስከ 9 ካሉት አኃዞች ብቻ እንዲሠራ ይደነግጋል። ስለዚህ «ሰበረ፤ግ፤ከሁለት ወይም ከዚያ በላይ ከፈለ» የሚለውን መስመር ለመለየት በጃቫስክሪፕት እንዲህ ብሎ መጻፍ ይቻላል፦

(?<ዋና_ቃል>.+?)፤(?<ክፍል>.+?)፤(?<ፍቺ>.+)

ይህን ንድፍ ፕሮግራም የማያውቅ የመዝገበ ቃላት ሠራተኛ እንኳ ቢያየው ምን የት እንደሚያዝ ይረዳል። በፒ.ሲ.አር.ኢ.ም በስምንት ቢት እትሙ እንዲህ ያሉ ስሞች በሰንጠረዡ ውስጥ በዩኒኮድ ተራ፣ ማለትም በሀለሐመ ቅደም ተከተል ይደረደራሉ። ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ.ም. በታተመው፣ ደስታ ተክለ ወልድም በ1962 ዓ.ም. በታተመው መዝገበ ቃላታቸው የተከተሉት የአበገደ ተራ ለኮምፒዩተሩ እንግዳ ነው።

ነገር ግን በፊደላችን ስም የሰጠ ሰው ከላይ ያነሣነውን የመጥፋት አደጋ በእጥፍ ይጋፈጣል። ምክንያቱም በድምፅ አንድ ሆነው በቅርጽ የሚለያዩ ፊደሎቻችን ለኮምፒዩተሩ ፍጹም የተለያዩ ናቸው። «ሐረግ» ብሎ ስም የሰጠ ሰው በሌላ ቦታ «ሀረግ» ብሎ ቢጠራ የሌለ ስም ጠርቷል። የቃሉ የመጀመሪያ ድምፅ በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ፣ በኃ ሊጻፍ ስለሚችል አንዱ ስም በስድስት መልክ ሊቀርብ ይችላል። «ፀሐይ» የሚለው ቃል ለመጀመሪያው ሁለት፣ ለሁለተኛው ስድስት ምርጫ ስላለው አሥራ ሁለት መልክ ይኖረዋል። «ዐይነት»፣ «ዓይነት»፣ «አይነት» እንዲሁ ነው። የፊደል ብቻ ሳይሆን የአነጋገርም ልዩነት አለ፤ «ፍቺ» እና «ፍች» ሁለቱም በየጽሑፉ ይገኛሉ።

የሰው አንባቢ እነዚህን ሁሉ ያለ ችግር ያነባቸዋል፤ ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ ወይስ ይቆዩ የሚለው የብዙ ዘመን ክርክርም በአብዛኛው በሥርወ ቃልና በማስተማር ምቾት ዙሪያ የተካሄደ ነው። በባለስም ቅንፍ ግን ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል። እዚህ የሚፈለገው የትኛው አጻጻፍ ትክክል እንደሆነ ከመወሰን ይልቅ አንዱ አጻጻፍ ብቻ በሥራ ላይ እንዲውል ማድረግ ነው። በሁለት ሰዎች እጅ የተጻፈ ፕሮግራም፣ አንዱ በ«ሐ» ሌላው በ«ሀ» ሲጽፍ፣ በፓይቶን ቢሆን ቆሞ ይናገራል፤ በጃቫስክሪፕት ቢሆን ዐምዱን ባዶ አድርጎ ያልፋል። የአረጋውያኑ ምሳሌ በቁጥር ምክንያት ጠፍቶ እንደነበረ ሁሉ በአንዲት ፊደል ምክንያትም ሊጠፋ ይችላል።

9. ማጠቃለያ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ በደንባዊ ንድፍ ውስጥ ግን ስምን የሚያወጣው ንድፉን የጻፈው ሰው ነው፤ ኀላፊነቱም የእርሱ ነው። ከላይ ከቀረበው ታሪክ በመነሣት በመዝገበ ቃላትና በትርጉም ሥራ ላይ ለተሰማሩ የሚከተሉትን አሳቦች ማቅረብ ይቻላል።

አንደኛ፣ ተለይቶ በሰንጠረዥ የሚቀመጥ ማንኛውም ክፍል በባለስም ቅንፍ ይያዝ፤ ለማሰባሰብ ብቻ የሚፈለገው ቅንፍ ደግሞ የማይዝ ቅንፍ፣ ማለትም (?:…) ይሁን።

ሁለተኛ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የቅንፍ ስሞች ዝርዝር ከነአጻጻፋቸው ተወስኖ ለሁሉም ይታደል። ዝርዝሩ አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜ ከአሥር ስም አይበልጥም። ሞክሼ ፊደል የሌለበት ስም ከተገኘ እርሱን መምረጥ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ላይብረሪው የስሞቹን መዝገብ የሚሰጥ ከሆነ ፕሮግራሙ የሚጠራቸው ስሞች ሁሉ በዚያ ውስጥ መኖራቸው አስቀድሞ ይረጋገጥ። ለሌለ ስም ዝም የሚል ላይብረሪ በሚሠራበት ቦታ ይህ ማረጋገጫ የግድ ነው።

አራተኛ፣ በየዐምዱ ባዶ የሆኑት መስመሮች ይቆጠሩ፤ ንድፉ በተሻሻለ ቁጥርም የፊተኛውና የኋለኛው ቆጠራ ይነጻጸር። የእኛ ባዶ ዐምድ በዚህ መንገድ በአንድ ቀን በታወቀ ነበር።

ክሌይኒ ለደንባዊ ንድፍ ቃል ሲያወጡ የተሻለ ያለው ያምጣ ብለው ነበር። በዚህ ጽሑፍ የቀረቡት «ደንባዊ ንድፍ»፣ «ያዥ ቅንፍ» እና «ባለስም ቅንፍ» የሚሉት ቃላትም በዚያው መንፈስ የቀረቡ ናቸው። ከእነዚህ የተሻለ ያገኘ አንባቢ ቢያቀርብ ጥቅሙ የሁላችንም ነው፤ እስከዚያው ግን የተመረጠው ቃል በአንድ አጻጻፍ ይጻፍ።